ጥያቄን እየለወጡ መፈለግ፤ ጥቅሙስ በምን ይመዘናል?

የምሠራበት የንግድ ቤት የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ አገር አስመጥቶ የሚያከፋፍል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰልን አንድ ኮንቴነር ውስጥ የኩሽኔታው ከፊል ውሃ ገብቶበት ዝጎ ተገኘ። ይህንኑ በመድን ውሉ በተወሰነው ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ድርጅት በጽሑፍ አስታወቅን፤ ደብዳቤውንም ያዘጋጀሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ድርጅቱ ስለ ጉዳቱ በጊዜው የደረሰው ማስታወቂያ አለመኖሩን ገልጾ፣ አለ የምንል ከሆነ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ እንድናቀርብ ጠየቀን። ጥያቄው የሚገባ ነበር። ግልባጩ ግን ሊገኝ አልቻለም፤ ካሳውም ሳይከፈል ቀረ።

ክቡራን አንባቢያን፣ ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የንግድ ቤታችን ወረቀት ሁሉ በስካነር እየተነሣ በአንድ የኮምፒዩተር ቋት ውስጥ ከነጽሑፉ ስለሚቀመጥ፣ ከእንግዲህ ወዲህ የሚጠፋ ወረቀት አይኖርም፣ ቃሉን ጽፎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል ተብሎ ነበር። እኔም መጀመሪያ «ኩሽኔታ» ብዬ ጠየቅሁ፤ የሽያጭ ደረሰኝ ጎረፈ። «ቤሪንግ» ብዬ ለወጥሁ፤ የአቅራቢው ኢንቮይስና የዕቃ ዝርዝር መጣ። «ዝገት»፣ «ውሃ»፣ ደግሞም «ውኃ»፣ «ጉዳት»፣ «ካሳ» እያልሁ ጥያቄዬን ስለዋውጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሰነበትሁ። የመድን ድርጅቱን ስም ስጽፍ በመቶ የሚቆጠር ደብዳቤ መጣ፤ በቀን ለይቼ ብመለከተውም የፈለግሁት አልነበረበትም። የሚያሳዝነው ጥያቄውን በለወጥሁ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር እየመጣ ወደ ወረቀቱ የተቃረብሁ ይመስለኝ መኖሩ ነው። እየቀረብሁ ይሁን እየራቅሁ ግን ማወቂያ አልነበረኝም። የመጣው ወረቀት ይታያል፤ ያልመጣው አይታይም።

ከዚያ ወዲህ የፍለጋ ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች ወደ ንግድ ቤቶች ሲመላለሱ አያለሁ። «የእኛ ፕሮግራም ጥያቄዎን ራሱ አስተካክሎ፣ እርስዎ ያልጻፉትንም ቃል ጨምሮ ይፈልግልዎታል» ይላሉ፤ ወዲያውም ራሳቸው ባዘጋጁት ጥያቄ ድንቅ የሆነ ውጤት ያሳያሉ። ሻጩ ከጆንያው አፍ ራሱ ዘግኖ ባሳየው ናሙና መቶ ኩንታል የሚገዛ ነጋዴ በመካከላችን የለም። በወረቀት ፍለጋ ጊዜ ግን ብዙዎቻችን እንዲሁ እናደርጋለን። በእህልና በቡና የለመድነው ጥንቃቄ በዚህ ነገር ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሊቃውንቱም በምን መንገድ እንደ ፈተኑት የተረዳሁትን ያህል ላካፍላችሁ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ የሚለወጥባቸው መንገዶች

ጥያቄን መለወጥ ማለት ፈላጊው በጻፈው ቃልና ወረቀቱ በተጻፈበት ቃል መካከል ያለውን ርቀት ለማጥበብ የሚደረግ ዘዴ ሁሉ ነው። ቀላሉ ፊደልን ማስተካከል ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ስለሆኑ አንዱ ጸሐፊ «ዕቃ» ሲል ሌላው «እቃ» ይላል፤ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈውን እንጂ የተነበበውን አያውቅም። ከዚህ ቀጥሎ የቃሉን ተቀጥላ አውልቆ መፈለግ ይመጣል፤ «ለኩሽኔታዎቹ»፣ «ከኩሽኔታው»፣ «ኩሽኔታችንን» የሚሉት ሁሉ ከ«ኩሽኔታ» ጋር ይቆጠሩ ዘንድ ማለት ነው።

እኅት ቃል መጨመር ደግሞ አለ። በእኛ ንግድ ከጣልያን የወረስነው ስምና ከእንግሊዝኛ የመጣው ስም ጎን ለጎን ይኖራሉ። መካኒኩ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሲል ኢንቮይሱ ቤሪንግ፣ ክላች፣ ስፓርክ ፕላግ ይላል፤ ጉምሩክ ደግሞ ከስማቸው ይልቅ በታሪፍ ቁጥር 8482፣ 8708 እና 8511 ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሦስቱንም ስም በአንድ ጥያቄ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ይመስላል። መምሰሉ እውነት መሆኑን ግን ኋላ እናየዋለን።

ከዚህ ረቀቅ ያለው ከተገኙት ወረቀቶች መማር ነው። ይህን ዘዴ ሮኪዮ የተባለው ተመራማሪ በ1965 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ሳልተን ይመሩት በነበረው «ስማርት» በተባለው የፍለጋ ሥራ ውስጥ አቅርቦታል። ፈላጊው ከመጡለት ወረቀቶች «ይህ ይጠቅመኛል፤ ያ አይጠቅመኝም» ብሎ ሲለይ ማሽኑ ጥያቄውን ወደ ጠቃሚዎቹ ቃላት ያስጠጋዋል፤ ከማይጠቅሙትም ያርቀዋል። ሰው ለመለየት ጊዜ ከሌለው ደግሞ ማሽኑ መጀመሪያ የመጡትን ጥቂት ወረቀቶች ጠቃሚ ናቸው ብሎ በመገመት ከእነርሱ ቃል ወስዶ ጥያቄውን ያሰፋል። ግምቱ ከቀና ብዙ ያተርፋል፤ ከሳተ ግን ባለጉዳዩን ወዳላሰበበት ይዞት ይሄዳል።

የቅርቡን ጊዜ ዘዴ በአጭሩ ብጠቅሰው ይበቃል። ከ2022 ወዲህ ትልልቆቹ የቋንቋ ማሽኖች ለዚህ ሥራ ውለዋል። ከዘዴዎቹ አንዱ ማሽኑ ለጥያቄው መልስ ሊሆን የሚችል ጽሑፍ ከራሱ ፈጥሮ እንዲጽፍ፣ ከዚያም ያንን ፈጠራ የሚመስል እውነተኛ ወረቀት እንዲፈለግ ማድረግ ነው። በሐሰት ጽሑፍ እውነተኛ ወረቀት መፈለግ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ በተፈተነባቸው ስብስቦች ላይ ጠቅሞ መታየቱ ተጽፏል። በእኔና በእናንተ ወረቀት ላይ ይጠቅም እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ጠበቆቹ ሰባ አምስት በመቶ ሲሉ

ይህን ነገር ለነጋዴ ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው ብሌርና ማሮን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1985 ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው ለአንድ ትልቅ የድርጅት ክርክር በተሰበሰበ የጽሑፍ ማስረጃ ላይ ነበር፤ ወደ 40,000 የሚሆን ሰነድ፣ በገጽ ሲቆጠር 350,000 ያህል፣ ሙሉ ቃሉ በኮምፒዩተር ገብቶ ነበር። ጠበቆቹ 51 ጥያቄ አቀረቡ። ለክርክሩ ይረዳል የሚባለው ወረቀት ቢያንስ ሰባ አምስት በመቶ ሊገኝላቸው እንደሚገባ አስቀድመው ተናገሩ። ረዳቶቻቸው ይፈልጋሉ፤ ጠበቆቹ የመጣውን አንብበው «ይህ ጎድሏል፤ ይህን ቃል ጨምሩ፤ ያንን ቀንሱ» ይላሉ፤ ረዳቶቹም ጥያቄውን ለውጠው ደግመው ይፈልጋሉ። እንዲህ እየሆነ ጠበቆቹ «አሁን በቃን» እስኪሉ ድረስ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ ጠበቆቹ ካላዩት ክምር ውስጥ ናሙና እያወጡ፣ ፍለጋው ካመጣው ጋር ቀላቅለው፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ሳይነግሯቸው ለእነዚያው ጠበቆች ሰጧቸው። ቡና ቀማሽ የባለቤቱን ስም ሳያውቅ በምስጢር ቁጥር እንደሚቀምስ ያለ ነው። ውጤቱ ሲሰላ ከመጡት ወረቀቶች ወደ 79 በመቶ የሚሆኑት በእርግጥ የሚጠቅሙ ነበሩ። ነገር ግን በክምሩ ውስጥ ከነበረው ጠቃሚ ወረቀት መካከል የተገኘው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሰባ አምስት አገኘን ብለው ያረፉት ሰዎች በእጃቸው የነበረው ሃያ ነው።

ምክንያቱን ሳነብ የራሴ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ክርክሩ ስለ አንድ አደጋ ነበር። ከሳሾቹ «አደጋ» ብለው ጽፈዋል። የተከሳሹ ወገን ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ ያንን ቃል ሸሽተው «ሁኔታው»፣ «ችግሩ»፣ «የተፈጠረው ነገር» ይሉ ነበር፤ አንዳንዱም ደብዳቤ «ባለፈው በጻፍህልኝ ጉዳይ» ከማለት በቀር ነገሩን በስሙ አይጠራውም። ሊቃውንቱ ራሳቸው የአንድን የሥራ ጉዳይ ስም ተከትለው አንዱ ስም ወደ ሌላው እየመራቸው 40 ሰዓት ያህል ፈልገዋል፤ ያቆሙትም ዱካው ስላለቀ አልነበረም።

የንግድ ሰው ይህን ሲሰማ መገረም አይገባውም። እኛም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለባንክ ስንጽፍ ነገሩን በጨዋ ቃል እንሸፍነዋለን፤ ጨዋነቱ በጊዜው ያስመሰግናል፤ በፍለጋ ቀን ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ሚዛኑና ድንጋዩ

አሁን ወደ መለኪያው እንግባ። መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛውን ጥራት ልበለው፤ ከመጣው ውስጥ የሚፈለገው ስንት እጅ ነው የሚል ነው። ሁለተኛውን ምልአት ልበለው፤ ካለው ሁሉ ውስጥ ስንት እጅ መጣ የሚል ነው። ለምሳሌ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ዱቤ ሒሳብ የተጻጻፍነው 40 ደብዳቤ አለ እንበል። ፈልገን 25 ወረቀት ቢመጣና ከነዚያ ውስጥ 20ው የምንሻው ቢሆን፣ ጥራቱ 80 በመቶ፣ ምልአቱ 50 በመቶ ነው። ጥያቄን ማስፋት ብዙ ጊዜ ምልአትን ከፍ አድርጎ ጥራትን ይቀንሳል፤ ሰሊጡን አብዝቶ ከገለባው ጋር እንደማምጣት ነው። የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ በሥራው ይወሰናል። ትራንዚተሩ አንዲት ዲክላራሲዮን በቶሎ ሲፈልግ ምልአት ምን ያደርግለታል? ለክርክር የሚዘጋጅ ሰው ግን አንዲት ወረቀት ብታመልጠው ያቺው ወረቀት ልትረታው ትችላለች። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ፍለጋው ይሻሻላል» ሲለን ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ሳንጠይቅ መልስ መስጠት አይገባንም።

እነዚህን መለኪያዎች በሥርዓት ለፈተና ያዋለው በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ የአቪዬሽን ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሲረል ክሌቨርደን ነው። ሥራውን በ1958 ጀምሮ፣ በሁለተኛው ዙር በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ ስለ በረራ ሳይንስ የተጻፉ 1,400 ጽሑፎችን ሰበሰበ። ጥያቄዎቹን ከራሱ አልፈጠረም፤ ለጽሑፎቹ ደራሲዎች ደብዳቤ ጽፎ «ይህን ምርምር ያስጀመራችሁ ጥያቄ ምን ነበር?» ብሎ ሰበሰበ እንጂ። የትኛው ጽሑፍ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሆን የፈረዱትም እነዚያው ጠያቂዎች ናቸው። እንግዲህ ወረቀቱ አይለወጥም፤ ጥያቄው አይለወጥም፤ ፍርዱም አይለወጥም፤ የሚለዋወጠው የፍለጋው ዘዴ ብቻ ነው። ሚዛኑና ድንጋዩ ሳይነኩ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ብቻ ሲቀያየር ማለት ነው።

የወጣው ውጤት በዘመኑ ብዙዎችን አላስደሰተም። ሊቃውንት ለብዙ ዓመት የደከሙባቸው የተራቀቁ የርእስ ዝርዝሮች በተራው የጽሑፍ ቃል ተበለጡ። የአንድን ቃል ልዩ ልዩ መልኮች ማጠቃለልና እውነተኛ ተመሳሳዮቹን መጨመር ጥቂት ጥቅም ሰጠ፤ ከዚያ አልፎ ተቀራራቢና ሰፋ ያለ ቃል ማስገባት ግን ውጤቱን አወረደው። ኤለን ቮርሂስ የተባለች ተመራማሪም በ1994 ባሳተመችው ጥናት የቃላት ዝምድና መዝገብን ተጠቅማ ጥያቄዎችን ስታሰፋ፣ ጥያቄው አስቀድሞ የተሟላ ከሆነ እኅት ቃል መጨመሩ ብዙም እንደማይፈይድ፣ አጭር ጥያቄ ግን ቃሉ በሰው እጅ ተመርጦ ከተጨመረለት ሊጠቀም እንደሚችል አግኝታለች። ከላይ «ተገቢ ይመስላል» ያልሁት ነገር እንግዲህ ይህን ያህል ብቻ ነው።

ከ1992 ጀምሮ ይኸው የክራንፊልድ ልማድ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በሚዘጋጀው «ትሬክ» በተባለው ዓመታዊ ጉባኤ ሰፋ። ወረቀቱ እጅግ ስለበዛ ሁሉን አንብቦ መፍረድ አልተቻለም፤ ስለዚህ ከየተወዳዳሪው ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹ ለምሳሌ መቶ ወረቀቶች በአንድ ላይ ይሰበሰቡና ፈራጅ በእነርሱ ላይ ይፈርዳል። ለእኛም አገር ቋንቋ ቢሆን በ2020 ጥላሁን የሻምበልና ባልደረቦቹ 240 ጥያቄዎችና ከ12,000 በላይ ጽሑፎች ያሉበት የአማርኛ መፈተኛ ስብስብ አውጥተዋል። አማርኛ እችላለሁ የሚል ፕሮግራም በውል የሚፈተንበት ድንጋይ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ሻጮች ስሙን ሲጠሩ ግን ገና አልሰማሁም።

በሚዛን ላይ የሚሠሩ ተንኮሎች

መለኪያ ያለበት ቦታ ሁሉ ማታለያም አለ፤ አብዛኛው ግን ከየዋህነት የሚመጣ ነው። አንዱን ልንገራችሁ። ፈላጊው ከመጡለት ወረቀቶች አምስቱን «ጠቃሚ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ማሽኑ ከእነርሱ ተምሮ ደግሞ ሲፈልግ እነዚያኑ አምስት ወረቀቶች ከላይ ይደረድራል። በመለኪያው ሲታይ ፍለጋው በእጥፍ ተሻሽሏል። ለባለጉዳዩ ግን አስቀድሞ በእጁ የነበረውን ከመመለስ በቀር ያመጣለት የለም። አንድን ኩንታል ሁለት ጊዜ መዝኖ ሁለት ኩንታል ማለት ይህ ነው። መድኃኒቱ የታዩትን ወረቀቶች ከቆጠራው አውጥቶ በቀሪው ላይ ብቻ መመዘን ነው።

ከዚህ የከፋው የአማካይ ነገር ነው። አንድ ዘዴ በአማካይ ጠቀመ ማለት ሁሉን ጠቀመ ማለት አይደለም። ማሽኑ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አምኖ ጥያቄውን በሚያሰፋበት ዘዴ ደኅና የነበረው ጥያቄ ይበልጥ ይደረጃል፤ መጀመሪያውኑ ክፉ የነበረው ግን የባሰ ይጠፋል፤ የተማረው ከተሳሳተ ወረቀት ነውና። በአማካዩ ላይ የባለጠጋው ትርፍ የድኻውን ኪሳራ ይሸፍነዋል። ይህን ስለተመለከቱ የትሬክ ሰዎች በ2003 አስቸጋሪ ጥያቄዎች በተለይ የሚታዩበት ልዩ ክፍል አቋቋሙ፤ ቀጥሎም ከተራው አማካይ ሌላ፣ ውጤቶችን በማባዛት የሚገኝ አማካይ መጠቀም ጀመሩ። በዚህ አቆጣጠር አንድ ጥያቄ ከ0.01 ወደ 0.02 ቢያድግ ሌላው ከ0.40 ወደ 0.80 ካደገው ጋር እኩል ይመሰገናል። የጉልት ነጋዴዋን ካፒታል በእጥፍ ማሳደግ የጅምላ ነጋዴውን በእጥፍ ከማሳደግ እኩል እንደ መቁጠር ያለ ነው። ለእኔ ትክክል ሆኖ ይታየኛል፤ ምክንያቱም በወረቀት ፍለጋ ውስጥ የሚጎዳን የማይገኘው እንጂ ትንሽ የዘገየው አይደለም።

በቢሮአችን የተደረገው ሙከራ

ሻጮቹ በበዙ ጊዜ አሠሪዬ ጠርተው «እስቲ አንተዋወቅ፤ ይህን ነገር እንደ ዕቃ መርምረን እንግዛ» አሉኝ። እኔም ክራንፊልድን በትንሹ በቢሮአችን አቋቋምሁ። ባለፈው ዓመት በእርግጥ ከተጠየቅኋቸው ነገሮች ሃያውን በቃላቸው ጽፌ ያዝሁ፤ «የፍሬን ሸራ ዋጋ ጨምሮ የላከው ማን ነበር?» እና «ፍሪሲዮኑን የመለሰው የደሴው ደንበኛ ምን ብሎ ጻፈ?» የመሰሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ወረቀቶች የትኞቹ እንደሆኑ ጉዳዩን ከያዙት ሰዎች ጋር ተቀምጠን ለየን። ከዚያ አራት ዘዴዎችን በእኩል ሞከርሁ፤ ዘዴው ያልተለወጠውን ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ወረቀቶች ውስጥ በለጠው ወይስ አነሰው የሚለውን ቆጠርሁ።

ፊደልንና የቃልን ተቀጥላ ማስተካከሉ ስድስት ጥያቄ አሻሻለ፤ አንድም አልጎዳ። እኅት ቃል መጨመሩ ስምንት አሻሻለ፣ ሦስት ጎዳ። ከተጎዱት አንዱ ያው የፍሬን ሸራ ነው፤ «ሸራ» የሚለው ቃል የጭነት መኪና መሸፈኛውን ሸራ ዘመዶች ሁሉ ጠርቶ ስላመጣ የፍሬኑ ወረቀት ከሥር ተቀበረ። የታሪፍ ቁጥር መጨመር ዲክላራሲዮን በሚፈለግበት ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን የሚጽፍ ደብዳቤ ስለሌለ ግን በሌላው ላይ ምንም አላደረገም። ሻጩ ያመጣው ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ጥያቄውን ሲለውጥ ሰባት አሻሻለ፣ ስድስት ጎዳ። በአማካይ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሻጩም የሚጠቅሰው እርሱኑ አማካይ ነበር።

እዚህ ላይ አሠሪዬ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ስምንት ለሦስት ማለት በእርግጥ ይበልጣል ማለት ነው ወይስ ዕድል ነው?» አሉ። ሳንቲም ወርውረን ዘውድና ጎፈር ብንል፣ በአሥራ አንድ ውርወራ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ ከዘጠኝ አንድ ጊዜ ያህል እንዲያው በዕድል ይገኛል። ስለዚህ የእኅት ቃሉን ጥቅም በእርግጥ አወቅነው ለማለት አይቻልም። ስድስት ለዜሮ ግን ከስድሳ አራት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው። ሰባት ለስድስት ምንም አይናገርም። ሃያ ጥያቄ ጥቂት ነው፤ የትሬክ ሰዎች እንኳ በሃምሳ ጥያቄ ሲፈርዱ ይጠነቀቃሉ። እኛም ፊደል ማስተካከያውን ገዛን፤ እኅት ቃሉን በእጃችን በምናዘጋጀው ዝርዝር ብቻ እንዲሆን ወሰንን፤ ፕሮግራሙን ለጊዜው መለስነው።

ስለ ቋንቋ ማሽኖቹ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እነዚህ ማሽኖች የተማሩት ከብዙ የታተመ ጽሑፍ ስለሆነ፣ በዓለም የታወቁትን መፈተኛ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀድመው አንብበው ሊሆን ይችላል። ፈተናውን ከመግባቱ በፊት ያየ ተማሪ ያገኘው ማርክ ዕውቀቱን አይገልጥም። ማሽኑ ያላየው ወረቀት በየንግድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለው ነው፤ ፈተናውም በዚያ ላይ መሆን ይገባዋል።

ሙከራውን ሳደርግ ከሁሉ ያስቸገረኝ ያልታየውን ማየት ነበር። ትክክለኛውን ወረቀት የምለየው ፍለጋ ካመጣው ብቻ ከሆነ እንደ ጠበቆቹ ራሴን መሸንገሌ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ማንም ያልጠየቀውን ሠላሳ ወረቀት ከቋቱ በዕጣ እያወጣሁ አነብብ ጀመር። አድካሚ ሥራ ነው፤ አብዛኛው የመብራትና የስልክ ሒሳብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከዕጣው መካከል የራሴ ደብዳቤ ወጣ። ግልባጩ በስካነር የተነሣው ከተጻፈ ከብዙ ወራት በኋላ ከሌላ እስር ጋር ስለነበር የተመዘገበው በዚያ በኋለኛው ቀን ነው። የመድን ድርጅቱ ማኅተም በላዩ አለ። «ጉዳዩ፦ ባለፈው ሳምንት በስልክ የገለጽንላችሁን ይመለከታል» ይላል። ከሥሩም፣ በመካከላችን ባለው ውል መሠረት በተጠቀሰው ጭነት ላይ የደረሰውን ሁኔታ ተመልክታችሁ አስፈላጊውን ሁሉ ታደርጉልን ዘንድ በትሕትና እናስታውቃለን የሚል ነው። ኩሽኔታ የሚል ቃል የለበትም፤ ዝገትም ውሃም የለበትም፤ የውሉን ቁጥር እንኳ አልጻፍሁም።

አሠሪዬ ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ በማኅተሙ ላይ ያለውንም ቀን በጣታቸው እየነኩ አዩት። የክርክሩ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። «ይኸም ከጥያቄዎቹ ጋር ይቆጠር» ብለው መለሱልኝ። ሃያ አንደኛው ጥያቄ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከሞከርኋቸው ዘዴዎች አንዱም እስከ ዛሬ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ወረቀቶች ውስጥ አላመጣውም።